ከቫልቭ ወደ ትራንዚስተር፦ የትንሿ የጊታር ማጉያ ታሪክ በካምፓላ

በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ መሣሪያዎች ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው የፈልሳፊውን ስም፣ አገሩንና የፈጠራውን ዓመት ነው። ተማሪውም ይህንኑ በደብተሩ አስፍሮ ያጠናል፤ በፈተናም ላይ ይመልሳል። ይሁን እንጂ አንድ መሣሪያ ከተፈለሰፈበት አገር ወጥቶ ወደ ሌላ አገር ከገባ በኋላ፣ በዚያ ሲበላሽ፣ ሲጠገንና በሌሎች እጆች እንደገና ሲሠራ የሚኖረው ታሪክ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ብዙም አይገኝም። ለእኛ ለአፍሪካውያን ግን ይበልጥ የሚቀርበን ይኸኛው ታሪክ ነው፤ የምንገለገልባቸው መሣሪያዎች አብዛኞቹ በሌላ አገር ተሠርተው የመጡ ናቸውና።

በዚህ ጽሑፍ አንዲት ትንሽ መሣሪያ እንመረምራለን። ይህችም በቤት ውስጥ ልትሠራ የምትችል፣ ኃይልዋ ከአንድ ዋት የማያልፍ፣ ያለ ቫልቭ በትራንዚስተር ብቻ የምትሠራ የጊታር ድምፅ ማጉያ ናት። ታሪክዋን የምንከታተለው በዩጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ ነው። ካምፓላን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማይቱ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይልን በብዛት አገኘች፤ የኤሌክትሪክ ጊታር የሚጫወቱ ባንዶች መናኸሪያ ሆነች፤ ከዚያም አብዛኞቹን ነጋዴዎችዋንና ዕቃ አስመጪዎችዋን በሦስት ወር ውስጥ አጣች። በዚህ ጊዜ «መሣሪያው በእጃችን አለ» ማለትና «መሣሪያውን እናውቀዋለን» ማለት ምን ያህል የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ በግልጽ ታየ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገነዘብልን።

ማጉያ ለምን አስፈለገ?

የክራር ወይም የተራ ጊታር ድምፅ የሚጎላው በባዶ ሳጥኑ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ግን ብዙውን ጊዜ ድፍን እንጨት ነው። ከብረት ክሮቹ ሥር ማግኔት ተቀምጦ፣ በማግኔቱ ዙሪያ ከጠጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በብዙ ሺህ ዙር ተጠምጥሟል። ክሩ ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ስለሚያናውጠው በሽቦው ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል። መሠረቱ ማይክል ፋራዴይ በ1831 ያገኘው ሕግ ነው። የሚገኘው ቮልቴጅ ግን ከአንድ ቮልት አንድ አሥረኛው ያህል ነው፤ ከረንቱም እጅግ ጥቂት ስለሆነ የስፒከርን ወረቀት ሊያንቀሳቅስ አይችልም። ስለዚህ በጊታሩና በስፒከሩ መካከል ደካማውን ሞገድ ተቀብሎ ኃይሉን የሚያበዛ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ከዚህ ላይ ለተማሪዎች ማስረዳት የሚገባን አንድ ነገር አለ። ማጉያ ኃይልን ከምንም አይፈጥርም። ሥራው ከመስኖ በር ጋር ይመሳሰላል። አንድ ሕፃን በደካማ እጁ በሩን ከፍ ዝቅ ቢያደርገው የሚያልፈው ውኃ ብዙ ነው፤ የውኃው ጉልበት ግን ከሕፃኑ ሳይሆን ከወንዙ የመጣ ነው። በማጉያም ውስጥ ወንዙ ባትሪው ወይም የመብራት መስመሩ፣ የሕፃኑ እጅ ደግሞ ከጊታሩ የሚመጣው ሞገድ ነው። የማጉያ ታሪክ ማለት እንግዲህ የዚያ በር ታሪክ ነው።

የቫልቭ ዘመን

የመጀመሪያው በር ቫልቭ ነበር። በ1904 እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ አየሩ የወጣለት ባለ ሁለት ኤሌክትሮድ የብርጭቆ ቱቦ ሠራ። በ1906 አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ኤሌክትሮድ ጨመረበት። በዚህች ሦስተኛዋ ላይ የሚደርሰው ትንሽ ቮልቴጅ በቱቦው ውስጥ የሚያልፈውን ትልቁን ከረንት መቆጣጠር ቻለ። ሬዲዮ፣ የድምፅ ፊልምና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ብቅ ያለው የኤሌክትሪክ ጊታር ሁሉም በዚሁ ቱቦ ላይ የቆሙ ናቸው።

ቫልቭ መልካም ድምፅ ይሰጣል፤ ዛሬም የሚመርጡት ጊታር ተጫዋቾች ብዙ ናቸው። በቤት ውስጥ ለመሥራት ለሚነሣ ወጣት ግን ሦስት እንቅፋቶች ነበሩበት። አንደኛ፣ ቱቦው የሚሠራው ውስጡ ያለው ክር ከጋለ በኋላ ስለሆነ ገና አንድ ድምፅ ሳይወጣ ብዙ ኃይል ይበላል። ሁለተኛ፣ ከ250 እስከ 400 ቮልት የሚደርስ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ይህ ቮልቴጅ ሰው ይገድላል፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ በካፓሲተሮቹ ውስጥ ተጠራቅሞ ይቆያል። ሦስተኛ፣ ቱቦው የሚሰጠው ከረንት ጥቂት፣ ስፒከሩ የሚፈልገው ግን ብዙ ስለሆነ በሁለቱ መካከል ከባድና ውድ ትራንስፎርመር መግባት አለበት። ስለዚህ የጊታር ማጉያ በመሠረቱ የሚገዛ ዕቃ ነበር።

መብራትና ጊታር በካምፓላ

ካምፓላ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባላቸው ኮረብታዎች ላይ የተመሠረተች ናት። በአካባቢዋ የሚኖሩት የቡጋንዳ ሰዎች የራሳቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች አሏቸው። ከነዚህም መካከል እንዲንጊዲ የሚባለው ባለ አንድ ክር መሣሪያ በደጋን የሚመታ ስለሆነ ከእኛው መሲንቆ ጋር ይቀራረባል። ጊታር ሲመጣም ይኸው የአንድ መሣሪያና የአንድ ዘፋኝ ልማድ አልጠፋም። ካዶንጎ ካሙ የተባለው፣ ትርጉሙም «አንዲት ትንሽ ጊታር» የሆነው ባላድ መሰል ዘፈን የተወለደው በዚህ መንገድ ነው።

በ1954 ናይል ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወጣበት አጠገብ በጂንጃ ከተማ የኦወን ፏፏቴ ግድብ ተመረቀ። 150 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የታቀደው ይህ ጣቢያ ለካምፓላ መብራት ሰጠ። መብራት ባለበት የምሽት ክበብ ይከፈታል፤ ክበብ ባለበት ባንድ ይቋቋማል። ከኮንጎ የመጣው የሩምባ ስልት ሁለትና ሦስት የኤሌክትሪክ ጊታሮችን በአንድነት የሚያጫውት ስለሆነ ያለ ማጉያ አይታሰብም። በ1960ዎቹ ስሙ የገነነው ክሬንስ ባንድና በ1975 የተመሠረተው አፍሪጎ ባንድ የዚህ ዘመን ልጆች ናቸው። በሳክስፎን ተጫዋቹ በሞሰስ ማቶቩ የሚመራው አፍሪጎ ከ45 ዓመት በላይ ሳይበተን የቆየ ባንድ ነው። የተመሠረተበት 1975 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የመሪዎች ጉባኤ በካምፓላ የተካሄደበት ዓመትም ነበር።

ሆኖም ጊታሩም፣ ማጉያውም፣ የማጉያው መለዋወጫም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነበር። አስመጪውና ባለ ሱቁ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሕንድ ክፍለ አህጉር የመጡት ቤተሰቦች ነበሩ።

ትራንዚስተር ያፈረሳቸው እንቅፋቶች

በታኅሣሥ 1947 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ጆን ባርዲንና ዋልተር ብራቴይን ከጀርማኒየም በተሠራች ትንሽ ቁራጭ ሞገድን ማጉላት ቻሉ። ባልደረባቸው ዊልያም ሾክሌይ ወዲያው የተሻለውን ዓይነት ነደፈ። ሦስቱም በ1956 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በ1954 ደግሞ የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበ የኪስ ትራንዚስተር ሬዲዮ በአሜሪካ ተሸጠ።

ከላይ የዘረዘርናቸው ሦስቱ እንቅፋቶች በዚህ ጊዜ ተራ በተራ ወደቁ። ትራንዚስተር የሚጋል ክር የለውም። በ400 ቮልት ፈንታ በጥቂት የባትሪ ድንጋዮች ይሠራል። ትራንስፎርመሩ ግን ወዲያው አልጠፋም፤ የጠፋበት መንገድ ሊብራራ የሚገባው ነው።

ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው ግንድ የሚቆርጡበትን ትልቅ መጋዝ እናስብ። አንዱ ሲስብ ሌላው ይለቃል፤ ሌላው ሲስብ አንዱ ይለቃል። በማጉያ መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ትራንዚስተሮችም እንዲሁ ናቸው፤ አንዱ የሞገዱን የላይኛውን ግማሽ፣ ሌላው የታችኛውን ይይዛል። በመጀመሪያዎቹ ሬዲዮኖች ሁለቱ አንድ ዓይነት ስለነበሩ ሥራውን የሚያከፋፍል አንድ ትንሽ ትራንስፎርመር፣ ውጤቱን ሰብስቦ ለስፒከር የሚያቀብል ሌላ ትራንስፎርመር ያስፈልግ ነበር። በኋላ ግን ተቃራኒ ጠባይ ያላቸው ጥንድ ትራንዚስተሮች ተገኙ። አንዱ ኤንፒኤን፣ ሌላው ፒኤንፒ ይባላል። አንዱ በሚከፈትበት ሞገድ ሌላው ስለሚዘጋ አከፋፋይም ሰብሳቢም ሳያስፈልግ በቀጥታ ስፒከሩን መንዳት ቻሉ። በ1958 ጃክ ኪልቢ፣ በ1959 ሮበርት ኖይስ በአንድ ቁራጭ ላይ ብዙ ትራንዚስተሮችን የማስፈር ዘዴ ካገኙ በኋላ ደግሞ መላው ማጉያ ከጥፍር ብዙም በማትበልጥ ባለ ስምንት እግር ዕቃ ውስጥ ገባ።

የሬዲዮ ሆድ እንደ ታሪክ ሰነድ

ከዚህ የምናገኘው ለክፍል የሚጠቅም ቁም ነገር አለ። የተጣለ አሮጌ ሬዲዮ ጀርባው ቢከፈት ዘመኑን ይናገራል። የብርጭቆ ቱቦዎች ካሉበት የቫልቭ ዘመን ነው። ከስፒከሩ አጠገብ ሁለት ትንንሽ ትራንስፎርመሮችና የጀርማኒየም ትራንዚስተሮች ከታዩ በአብዛኛው የ1960ዎቹ ሥራ ነው። ትራንስፎርመሮቹ ጠፍተው ተቃራኒ ጥንድ ከቆመ ከዚያ የሚቀጥለው ዘመን ነው። ባለ ብዙ እግር ጥቁር ዕቃ ብቻ ከሆነ ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። የታሪክ መምህር ድንጋይ ላይ የተቀረጸን ጽሑፍ እንደሚያስነብብ ሁሉ ይህንንም ማስነበብ ይችላል።

ይህም ብቻ አይደለም። የሞተ ትራንዚስተር ሬዲዮ ግማሽ ያለቀ የጊታር ማጉያ ነው ማለት ይቻላል። ስፒከሩ፣ የድምፅ መቆጣጠሪያው፣ የባትሪ ቤቱና ብዙውን ጊዜም የማጉያው ክፍል በውስጡ አሉ። ጣቢያ የሚመርጠው ክፍል ቢበላሽ እንኳ ማጉያው ደህና ሊሆን ይችላል። ትንሿ ማጉያ በድሆች አገር ቤት ውስጥ ልትወለድ የቻለችው በዚህ ምክንያት ነው።

ከ1972 በኋላ

በነሐሴ 1972 ኢዲ አሚን በዩጋንዳ የሚኖሩ እስያውያን በ90 ቀን ውስጥ አገሪቱን ለቅቀው እንዲወጡ አዘዘ። በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ዘግተው ሄዱ፤ ወደ ብሪታንያ ብቻ 27,000 ያህሉ ገቡ። ግፉ በመጀመሪያ ደረጃ የደረሰው በእነርሱ ላይ እንደሆነ ሊዘነጋ አይገባም። ሱቆቹ ለወታደሮችና ለባለ ሥልጣን ወዳጆች ተከፋፈሉ። አዲሶቹ ባለቤቶች በመደርደሪያ ላይ የነበረውን ሸጡ፤ መደርደሪያውን እንደገና መሙላት ግን ሌላ ነገር ሆነ። ከአምራቾች ጋር የነበረው ግንኙነት ተቋርጧል፤ የውጭ ምንዛሪም ጠፍቷል። ማጌንዶ የተባለው ስውር ገበያ የተስፋፋው በዚህ ጊዜ ነው። በሚያዝያ 1979 አሚን ሲወድቅ ከተማዋ ተዘረፈች፤ ጦርነቱም እስከ ጥር 1986 ድረስ በየጊዜው አገረሸ።

አንድ ማጉያ ደግሞ ሰላም ሆነ ጦርነት ማርጀቱን አይተውም። በካፓሲተሮቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በዓመታት ይደርቃል፤ የድምፅ መቆጣጠሪያው ይንኮሻኮሻል፤ የስፒከሩ ወረቀት ይቀደዳል፤ የመጨረሻው ትራንዚስተር በሙቀት ይቃጠላል። የተቃጠለው ትራንዚስተር ቁጥር ይነበባል፤ ያ ቁጥር ግን በከተማው ውስጥ የለም። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ጠጋኝ ይለያል። ቁጥሩን ብቻ የሚያውቀው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ዕቃው የሚሠራውን ሥራ የሚያውቀው ግን ምትክ ይፈልጋል። ኤንፒኤን ነው ወይስ ፒኤንፒ? ለመከፈት ከ0.2 እስከ 0.3 ቮልት የሚበቃው ጀርማኒየም ነው ወይስ ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት የሚሻው ሲሊኮን? ስንት ቮልትና ስንት አምፔር ይሸከማል? ሙቀቱንስ በምን ያወጣል? እነዚህን አራት ጥያቄዎች መመለስ የቻለ ሰው ከሌላ መሣሪያ በተነቀለ ዕቃ የሞተውን ማጉያ ያስነሣል።

ከካምፓላ መሐል በስተደቡብ የሚገኘው የካትዌ ሰፈር በዚህ ዓይነት ዕውቀት የታወቀ ነው። ብረት ቀጥቃጩ፣ በያጁና ጠጋኙ ተጠጋግተው የሚሠሩበት፣ ከምድጃና ከብረት በር እስከ በቆሎ ወፍጮ የሚሠራበት ሰፈር ነው። አሮጌው ዕቃ እየተፈታ አዲስ የሚወጣበት በመሆኑ የአዲስ አበባ መርካቶን ለሚያውቅ ሰው ምናለሽ ተራን ያስታውሰዋል። ዕቃ በጠፋበት ዘመን አገርን ያቆመው ያለ ዲፕሎማ የሚሠራው እንዲህ ያለ እጅ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ትንሿ ማጉያ በቤት ውስጥ

አሁን ወደ መሣሪያዋ እንመለስ። ለጀማሪ የሚመቸው ኤልኤም386 የሚባለውና ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው ባለ ስምንት እግር ማጉያ ነው። በ9 ቮልት፣ ማለትም በ6 የባትሪ ድንጋይ ይሠራል። 6ኛው እግር ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ፣ 4ኛውና 2ኛው ከአሉታዊው ጋር ይገናኛሉ። ሞገዱ በ3ኛው ይገባል፤ በ5ኛው ይወጣል። 1ኛውና 8ኛው ባዶ ከተተዉ ቮልቴጁን 20 እጥፍ ያጎላል፤ በመካከላቸው የ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከገባ ግን 200 እጥፍ ይሆናል። ከ5ኛው እግር ወደ አሉታዊው ጫፍ የ10 ኦም ሬዚስተርና የ0.047 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ተከታትለው ሲገቡ ማጉያው በራሱ ከመጮኽ ይጠበቃል።

ኃይሉን ተማሪው ራሱ ሊያሰላው ይችላል። የ9 ቮልት ግማሽ 4.5 ነው። ከዚህ አንድ ቮልት ያህል በማጉያው ውስጥ ስለሚቀር ሞገዱ ከመካከለኛው መስመር 3.5 ቮልት ያህል ከፍ ዝቅ ይላል። ስፒከሩ 8 ኦም ከሆነ 3.5 በራሱ ተባዝቶ ለ16 ሲካፈል 0.77 ዋት ይሆናል። ይህ ጥቂት ይመስላል። የሰው ጆሮ ግን ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማው ኃይሉ አሥር እጥፍ ያህል መጨመር ስላለበት፣ ከ7 ዋት ማጉያ ጋር ሲነጻጸር የሚሰማው ግማሽ ያህል ነው። ለአንድ ክፍል ይበቃል።

ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። ስፒከሩ ከ5ኛው እግር ጋር የሚገናኘው በካፓሲተር አማካይነት ነው። ካፓሲተሩ 220 ማይክሮፋራድ ከሆነ ከ90 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ ማዳከም ይጀምራል፤ የጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ 82 ኸርዝ ነው። 470 ማይክሮፋራድ ቢደረግ ወሰኑ ወደ 42 ኸርዝ ስለሚወርድ ወፍራሙ ድምፅ ይድናል። ሁለተኛው፣ የዚህ ማጉያ መግቢያ 50 ሺህ ኦም ብቻ ስለሆነ ለጊታሩ ቀጭን ሽቦ ከባድ ሸክም ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል። ስለዚህ ከፊቱ ፌት የሚባለውን የትራንዚስተር ዓይነት በማስቀደም መግቢያውን ወደ አንድ ሚሊዮን ኦም ማድረስ ይገባል።

ጉላቱ 200 እጥፍ ሲሆን የሚደርሰውም ማስተማሪያ ነው። የ0.1 ቮልት ሞገድ በስሌት 20 ቮልት መሆን ነበረበት፤ ባትሪው ግን 9 ቮልት ብቻ ስለሆነ የሞገዱ ራስ ይቆረጣል። ድምፁ ይሻክራል። የሬዲዮ ሠሪው ጉድለት ያለውን ጊታር ተጫዋቹ ጣዕም ብሎ ወስዶታል።

እጅና መጽሐፍ

በካምፓላ የትምህርት ታሪክ ውስጥ ልናተኩርበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ዛሬ በመላው አፍሪካ የታወቀው የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ በ1922 ሲከፈት አናጢነት፣ ግንባታና መካኒክነት የሚማሩ 14 ተማሪዎች የነበሩት የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ነበር። ከጊዜ በኋላ የእጅ ሥራው ክፍል ተለይቶ በ1958 ወደ ኪያምቦጎ ኮረብታ ወጣ፤ ማኬሬሬ ደግሞ በ1949 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዘ ኮሌጅ ሆኖ በመጽሐፍ ትምህርት ገነነ። አንዱ ቤት ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው፤ ክብሩም የተከፈለው እኩል አይደለም። በ2003 የኪያምቦጎ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ፖሊቴክኒኩንና የመምህራን ማሠልጠኛውን በአንድ ጥላ ሥር ማድረጉ እኛን በማሠልጠኛ ውስጥ የምንሠራውን በተለይ ይመለከተናል። መምህሩና ባለ እጁ ተገናኝተው ካልተማሩ ተማሪው ሁለቱን ከወዴት ያገናኛቸዋል?

ይህ ክፍፍል በእኛም አገር አለ። የኦምን ሕግ በቃሉ የሚወጣ፣ ስሌቱንም የማይስት ተማሪ የቤቱ ሬዲዮ ሲበላሽ ወደ ጠጋኝ ይልከዋል። ጠጋኙ ደግሞ በእጁ የሚያውቀውን ሕግ ስሙን ላያውቀው ይችላል። ሁለቱም ጎድሎባቸዋል። የመጀመሪያው ዕውቀቱ ሥራ አልፈታለትም፤ የሁለተኛው ዕውቀት ሳይጻፍ አብሮት ይቀበራል።

ስለዚህ ለሥራ ባልደረቦቻችን የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። የፊዚክስ መምህር ሞገድንና ኃይልን ሲያስተምር የሞተ ትራንዚስተር ሬዲዮ ይዞ ይግባ፤ ሥራውም በባትሪ እንጂ በመብራት መስመር እንዳይሆን ይጠንቀቅ። የታሪክ መምህር ያንኑ ሬዲዮ ተቀብሎ ዘመኑን ከሆዱ ያስነብብ። የአማርኛ መምህር ደግሞ ተማሪዎቹን በየሰፈራቸው ወዳሉት ጠጋኞች ልኮ፣ አንድ ዕቃ ሲጠፋ በምን እንደሚተኩት ጠይቀው እንዲጽፉ ያድርግ። በካምፓላ የሆነው በማንኛውም ከተማ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የሚያገለግለን በመደርደሪያ ላይ ያለው ዕቃ ሳይሆን ስለ ዕቃው ያወቅነውና ለልጆቻችን ያወረስነው ነው።